በደብረ ታቦር ሰማይ ሥር የመጀመሪያውን ቴሌስኮፕ መምረጥ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ከከባቢ አየሩ ከሩብ የሚበልጠው ከተመልካቹ እግር በታች ቀርቷል። ክረምቱ ወጥቶ ደመናው ሲገለጥ፣ በተለይም ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ ከከተማዋ መብራት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ለሚቆም ሰው ፍኖተ ሐሊብ ያለ ምንም መሣሪያ ይታያል። የደቡብ ጎንደር ነዋሪ ከዋክብትን ለመመልከት የሚጎድለው ሰማይ አይደለም፤ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዘመድ እጅ ወይም በትእዛዝ ከውጭ ሀገር የሚመጣ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ተሳስተው ከገዙት መልሶ መለወጥ ቀላል አይሆንም። የአንድ ቤተሰብ ቁጠባ ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ክበብ መዋጮ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ እንዳይቀር ምርጫው ከግዢው በፊት መጠናት አለበት።

ጀማሪን ቀድሞ የሚያሳስተው በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የማጉላት ቁጥር ነው። «500 እጥፍ ያጎላል» የሚል ጽሑፍ የያዘ፣ የመስታወቱ ስፋት ግን 76 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ቴሌስኮፕ በገበያ ላይ ብርቅ አይደለም። አንድ ቴሌስኮፕ በጥራት ሊያጎላ የሚችለው ቢበዛ የስፋቱን ሚሊ ሜትር ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ባለ 76 ሚሊ ሜትሩ ከ150 እጥፍ በላይ ሲገፋ የሚያሳየው ትልቅ፣ ግን የደበዘዘና የጨለመ ምስል ነው። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ሌላውም ጥራቱ አጠራጣሪ ለመሆኑ በቂ ምልክት ነው።

ሊጠየቅ የሚገባው የዋናው ሌንስ ወይም መስታወት ስፋት ነው። ቴሌስኮፕ ከሁሉ በፊት ብርሃን መሰብሰቢያ ነው። በጨለማ የተከፈተ የሰው ዓይን ብሌን 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ባለ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከዚህ 100 እጥፍ፣ ባለ 130 ሚሊ ሜትር መስታወት ደግሞ ከ340 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። የማጉላት መጠኑ ግን የሚወሰነው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። 650 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ቴሌስኮፕ በባለ 25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ 26 እጥፍ፣ በባለ 10 ሚሊ ሜትሩ 65 እጥፍ ያጎላል። የሳተርንን ቀለበት ለመለየት 30 እጥፍ አካባቢ ይበቃል።

በደጋው ምድር ከስፋቱ የማያንሰው ጉዳይ መቆሚያው ነው። በላይ ጋይንት የምትገኘው ንፋስ መውጫ ስሟ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። በጉና ተራራ ዙሪያ የሚነፍሰው ነፋስ ቀጭን የብረት እግር ላይ የቆመን ቱቦ ያንቀጠቅጠዋል፤ 65 እጥፍ ሲጎላ ንቅናቄውም 65 እጥፍ ይጎላል። ኢኳቶሪያል የሚባለው፣ የሰማይን ዙረት ተከትሎ እንዲሽከረከር የተሠራው መቆሚያ ደግሞ በዚህ አካባቢ ሌላ ችግር አለው። ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ መነጣጠር ይኖርበታል። ደብረ ታቦር ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ በስተሰሜን ስለምትገኝ ኮከቡም ከአድማስ በላይ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ ኮረብታ ወይም ባሕር ዛፍ በቀላሉ ይጋርደዋል። አንዳንዶቹ መቆሚያዎችም ዝቅ ብለው ወደዚህ ማዕዘን አይደርሱም።

ለጀማሪ የሚሻለው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ የሚዞረው ቀላል መቆሚያ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዶብሶኒያን የሚባለው ዓይነት ጎልቶ ይወጣል። ስሙን ያገኘው በሳን ፍራንሲስኮ ጎዳናዎች ላይ ለአላፊ አግዳሚው ሰማዩን ያሳይ ከነበረው ከጆን ዶብሰን ነው። መቀመጫው የእንጨት ሳጥን በመሆኑ ቢሰበር የሰፈር አናጢ ይጠግነዋል፤ መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በቀጥታ ከራስ በላይ ያለን ኮከብ ማነጣጠር ላይ ግን ያስቸግራል።

ባለ 150 ሚሊ ሜትሩ ዶብሶኒያን 15 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከውጭ ለሚመጣ መንገደኛ ከባድ አደራ ነው። እንደ ስካይ ዋቸር ሄሪቴጅ 130 ፒ ያሉት ተጣጣፊ የጠረጴዛ ላይ ዶብሶኒያኖች ግን ክብደታቸው 6 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ሜዳ ላይ ሲወጡ ጠንካራ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ያስፈልጋቸዋል፤ ሦስት እግር ያለው ነገር ባልተስተካከለ መሬት ላይም አይወላከፍም። መስታወታቸው በመኪና መንገጫገጭ ከመስመር ሊወጣ ስለሚችል በብሎኖቹ ማስተካከልን መማር ግድ ነው። ይህን የማይፈልግ ሰው ባለ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቴሌስኮፕ ቢገዛ አይከፋም። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ 10 በ50 የተባለው ባይኖኩላር፣ ማለትም 10 እጥፍ የሚያጎላውና ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ መነጽር፣ ርካሽ ከሆነ ቴሌስኮፕ በእጅጉ ይበልጣል። እጅን ግንብ ላይ አስደግፎ ለሚመለከት ሰው አራቱን ትልልቅ የጁፒተር ጨረቃዎች ያሳያል። በሞተርና በኮምፒውተር የሚመራው ዓይነት ኃይል የሚፈልግ፣ ባትሪውም በብርድ የሚደክም በመሆኑ ለሁለተኛ ግዢ ቢቆይ ይመረጣል።

መሣሪያውን ይዞ ለሚወጣ የደቡብ ጎንደር ተመልካች ኬክሮሱ ለአውሮፓ ጀማሪዎች ያልተሰጠ ጸጋ አለው። በጥር መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም ኦሪዮን ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከመታጠቂያው በታች ያለው ኔቡላ በትንሽ ቴሌስኮፕም እንደ ጉም ይታያል። በሚያዝያ አጋማሽ ከምሽቱ 5 ሰዓት ግድም ደግሞ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ሳይጠልቅ የደቡብ መስቀል በሌላው ወገን ይቆማል። ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው ግዙፍ የከዋክብት ክምችትም ከአድማሱ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። የመሬቱ ከፍታ ዋጋ በሀገር ደረጃም የታወቀ ነው። በእንጦጦ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ የተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት አላቸው። ለሌላ የምልከታ ማዕከል የታሰበው የላሊበላ ተራራማ አካባቢም ለጋይንት ሩቅ አይደለም።

በፀሐይ ላይ ግን ቀልድ የለም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ የታየው የቀለበት ግርዶሽ ብዙ ሰው ወደ ፀሐይ እንዲያንጋጥጥ አድርጓል፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚደርሰው ግርዶሽም ከኢትዮጵያ በከፊል የሚታይ ነው። ያለ ማጣሪያ በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት በቅጽበት ያሳውራል። ማጣሪያው የሚገጠመው ከቱቦው ፊት ነው፤ በዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመዘዘው ትንሽ ጥቁር መስታወት በሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ከካርቶኑ ውስጥ ከተገኘ መጣል አለበት።

የደጋው ብርድም ትዕግሥት ይጠይቃል። ከቤት የወጣ መስታወት ከውጩ አየር ጋር እስኪስማማ ግማሽ ሰዓት ያህል ምስሉ ይንቀጠቀጣል። የበጋ አቧራ ሲያርፍበት በነጠላ ጫፍ መጥረግ ልባሱን ይቧጭረዋል፤ በአየር መንፊያ ማራገፍ ይበቃል። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ፣ ከተማዋ የስሟን በዓል ቡሄን በምታከብርበት በነሐሴ 13 ጭምር፣ ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። በእነዚህ ወራት እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ቴሌስኮፑ ደርቆ፣ በአዳዲስ ጫማዎች ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጥቂት ተጨምሮበት፣ ከጭስና ከመሬት ርቆ ይቀመጣል።