ከ1950ው ስንብት በኋላ፦ የቶዮታ ፋብሪካ አመራርና የአሠራር ለውጥ

ስለ ጃፓን የአውቶሞቢል ኢንዱስትሪ ዕድገት በተነገረ ቁጥር በቅድሚያ የሚወሳው፣ ከአንዱ የሥራ ክፍል ወደ ሌላው የሚዘዋወረው «ካንባን» የተባለው የትእዛዝ ካርድ ነው። ካርዱ ዝናን አትርፏል፤ አሠራሩ የተፀነሰበትን የመከራ ዘመን ግን አብዛኛው ተራኪ በጥድፊያ ያልፈዋል።

የቶዮታ አውቶሞቢል ኩባንያ በ1937 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲቋቋም የወጣው ከሽመና መኪና ፋብሪካ ነው። የመሥራቹ የኪይቺሮ ቶዮዳ አባት ሳኪቺ በ1924 ለፍጻሜ ያበቁት የሽመና መኪና ክር ሲበጠስ በራሱ የሚቆም ስለ ነበረ፣ አንድ ሠራተኛ ብዙ መኪናዎችን ለብቻው ለመጠበቅ ይችል ነበር። ብልሽት ሲገኝ ሥራውን የማቆም ልማድ የተወረሰው ከዚህ ነው።

በ1949 የጃፓን መንግሥት የዋጋ ንረትን ለመግታት በአሜሪካዊው ጆሴፍ ዶጅ ምክር ጥብቅ የበጀት ቁጠባ ባወጣ ጊዜ ገበያው ደረቀ። የተሸጡት የጭነት መኪናዎች ገንዘብ በወቅቱ ሊሰበሰብ አልቻለም፤ ኩባንያውም በዕዳ ተዘፈቀ። ባንኮቹ ብድር የሰጡት የሽያጩ ሥራ ከማምረቻው ተለይቶ ራሱን የቻለ ኩባንያ እንዲሆንና የሠራተኛው ቁጥር እንዲቀነስ በማስገደድ ነበር። ኪይቺሮ ሠራተኛው የደመወዝ ቅነሳ ሲቀበል ማንንም እንደማያሰናብቱ ቃል ገብተው ነበርና፣ የሠራተኛው ማኅበር በ1950 አድማ መታ። በመጨረሻም ከ2,000 በላይ ሰዎች በፈቃደኝነት ስም ከሥራ ወጡ፤ ኪይቺሮም ኃላፊነቱን በራሳቸው ላይ አድርገው በጁን ወር ከፕሬዚዳንትነታቸው ለቀቁ። ሠራተኛ ሲሰናበት የራሱንም ወንበር የሚለቅ መሪ በኢንዱስትሪ ታሪክ ብዙ አይገኝም፤ እርግጥ ነው፣ የተሰናበቱት ሰዎች በዚህ እንጀራቸው አልተመለሰላቸውም። በዚያው ወር ማለቂያ ላይ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳና የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና ትእዛዝ ለኩባንያው አጎረፈለት። ኪይቺሮ ወደ ሥራቸው ሊመለሱ ከታሰበ በኋላ በማርች 1952 ዐረፉ።

በዚሁ በ1950 ዘመዳቸው ኤይጂ ቶዮዳ የፎርድን ፋብሪካዎች ሊጎበኙ ወደ አሜሪካ ተጓዙ። ፎርድ በቀን 8,000 ያህል መኪና ሲያመርት የቶዮታ ምርት 40 ያህል ብቻ ነበር። በዚህ ልዩነት ላይ ፎርድን በመጠን ለመወዳደር ማሰብ ከንቱ ድካም ይሆን ነበር። ኤይጂ ከዚያ ያመጡት የሠራተኞች ሐሳብ ማቅረቢያ ሥርዓትን ነው፤ በ1951 ሥራ ላይ ዋለ።

የመሣሪያ ክፍሉን ይመሩ የነበሩት ታይቺ ኦኖ አንድ ሠራተኛ ብዙ መሣሪያ እንዲይዝ ማድረግ የጀመሩት ከቀውሱ አስቀድሞ ነው፤ በአንድ ሙያው የሚኮራው ባለሙያ ሁሉ ግን ተቃወማቸው። በ1950ዎቹ ደግሞ ተከታዩ ክፍል የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ከቀዳሚው ክፍል እንዲወስድ፣ ቀዳሚውም የተወሰደበትን ያህል ብቻ እንዲተካ በካርድ አዘዙ። ሐሳቡ የተቀዳው ገዢ ያነሣው ዕቃ ወዲያው ከሚተካበት ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው። መጋዘን ሙሉ ዕቃ ካለ የተበላሸው መለዋወጫ በደኅናው ይተካል፤ የብልሽቱን ምክንያት የሚጠይቅም አይኖርም። ክምችቱ ሲወገድ ግን አንድ ጉድለት ሥራውን ሁሉ ያቆማል፤ መንሥኤውን መፈለግም ግድ ይሆናል።

እንግዲህ ጉድለት ያየ ሠራተኛ መስመሩን እንዲያቆም ከተፈለገ፣ ማቆሙ ቅጣት እንደማያመጣበት ማመን አለበት። ሥራን የሚያቀልል ሐሳብ እንዲያቀርብ ከተፈለገም፣ በገዛ ሐሳቡ ትርፍ ሰው ሆኖ እንደማይባረር ማወቅ ይኖርበታል። የ1950ው ስንብት ያናጋው ይህንኑ እምነት ነበር። አስተዳደሩና የሠራተኛው ማኅበር የመተማመን መግለጫ በጋራ ያወጡት በ1962 ነው፤ ካርዱም በኩባንያው ፋብሪካዎች ሁሉ የተዳረሰው በዚያው ዘመን፣ ከመጀመሪያው ሙከራ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የሁለቱን መገጣጠም ድንገተኛ አድርጎ ማየት ያስቸግራል።

ጄኔራል ሞተርስ በ1982 የዘጋው የካሊፎርኒያው የፍሪሞንት ፋብሪካ በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት፣ ከተቀጠሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ የቀድሞዎቹ ነበሩ፤ መስመሩን የሚያቆመው ገመድም በእጃቸው ተሰጠ። በ1988 ገበያው ቀዝቅዞ ምርቱ በእጅጉ ቢቀንስም አንድም ሰው ከሥራ አልተባረረም፤ የተረፈው የሥራ ሰዓት ለሥልጠናና ለፋብሪካው ጥገና ዋለ።