ገባ የተባለው ሰው መቼ ወጣ?

«ይህ አካውንት በሌላ መሣሪያ ላይ እየሠራ ነው።» ይህን መልእክት ያላየ ጥቂት ነው። ፊልም ልታዩ ወይም የቢሮውን የጋራ ሶፍትዌር ልትከፍቱ ስትሉ ብቅ ይላል። ያ «ሌላ መሣሪያ» ግን ከተዘጋ ቆይቷል፣ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ሰውዬው ሲገባ አይቷል፤ ሲወጣ ግን ማንም አልነገረውም።

እንጀራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነውና ይህን ችግር በየጊዜው አገኘዋለሁ። ሰው ማስገባት ቀላል ነው፦ ስም ጠይቅ፣ ፓስወርድ ጠይቅ፣ ቁጥር ላይ አንድ ጨምር። አንዱን መቀነስ ያለብህ መቼ እንደሆነ ማወቅ ነው ጣጣው። ታሪኩን ወደ ኋላ ስንከተለው ደግሞ ከኮምፒውተር በፊት ይጀምራል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስልኩን የሰቀለ ሰው

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ አንድ የገንዘብ ጥያቄ ነበረበት። ሁሉም ደንበኛ በአንድ ጊዜ አይደውልም፤ ስለዚህ በማዕከሎች መካከል ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር መዘርጋት ብክነት ነው። መስመሩ ካነሰ ደግሞ ደዋዩ «ተይዟል» እየተባለ ይመለሳል። ስንት ይበቃል?

አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተባለ የኩባንያው የሒሳብ ባለሙያ በ1909 የመጀመሪያ ጥናቱን አወጣ፤ በ1917 ደግሞ ዛሬም በስሙ የሚጠራውን ቀመር አሳተመ። ቀመሩን ወደ ዛሬው ቢሮ እናምጣው። 100 መሐንዲሶች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው አንድን ሶፍትዌር ከሥራ ሰዓታቸው አንድ አሥረኛውን ብቻ ይጠቀሙበታል። በአማካይ በአንድ ጊዜ 10 ሰው ይኖራል ማለት ነው። በኤርላንግ ስሌት 18 ላይሰንስ ቢኖር ከ100 ሙከራ ውስጥ «ቦታ የለም» የሚባለው ከ1 ያነሰ ነው። 100 መግዛት አያስፈልግም፤ 18 ይበቃል። ሁሉም በአንድ ቀን የማስረከቢያ ቀነ ገደብ ካልተሯሯጡ በቀር!

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኤርላንግ ስለ መውጣት መጨነቅ አላስፈለገውም። ሰውዬው ስልኩን ሲሰቅል መስመሩ ተቋርጦ ነፃ ይሆናል፤ ሽቦው ራሱ ይናገራል። ኮምፒውተሮች ያጡት ይህን ነው።

ብዙ ሰው፣ አንድ ማሽን

እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ኮምፒውተር የሚሠራው በወረፋ ነበር። ፕሮግራምህን በካርድ በስተህ ታስረክባለህ፣ ውጤቱን ከሰዓታት በኋላ ትወስዳለህ። በኅዳር 1961 በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ፈርናንዶ ኮርባቶ እና ባልደረቦቹ ሲ ቲ ኤስ ኤስ የተባለውን ሥርዓት አሳዩ። አንዱ ማሽን ጊዜውን በትንንሹ እየቆራረሰ ለብዙ ተጠቃሚዎች ያድላል፤ እያንዳንዱም ማሽኑ የግሌ ነው ብሎ ያስባል።

ብዙ ሰው ሲገባ ፋይልን መለየትና ሰዓትን መቁጠር ግድ ሆነ። ፓስወርድ ወደ ኮምፒውተር ዓለም የገባው እዚህ ጋ ነው። ፓስወርዱ የሚጠብቀው ምስጢርን ብቻ አልነበረም፤ የእያንዳንዱን ሰው የማሽን ሰዓት ድርሻም ጭምር እንጂ። ለዚህ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። አለን ሸር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት የተሰጠው 4 ሰዓት ለጥናቱ አልበቃ አለው። በ1962 የሁሉም ሰው ፓስወርድ ያለበት ፋይል እንዲታተምለት በካርድ ጥያቄ አስገባ፤ ማሽኑም አትሞ ሰጠው። የፈለገው የሰው ደብዳቤ ማንበብ ሳይሆን የሰው ሰዓት መበደር ነበር። ነገሩን በይፋ የተናገረው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

የሚቀጥለው ታሪክ ደግሞ ለእኔ ከዚህም ይበልጣል። በ1960ዎቹ አጋማሽ አንድ ቀን ወደ ሲ ቲ ኤስ ኤስ የገባ ሁሉ በዕለቱ ማስታወቂያ ፋንታ የተጠቃሚዎችን ፓስወርድ ዝርዝር አየ። ሰርጎ የገባ ሰው አልነበረም። የጽሑፍ ማረሚያው ፕሮግራም ሲሠራ ጊዜያዊ ፋይል ይከፍታል፤ የፋይሉም ስም ሁልጊዜ አንድ ነው። ሲነደፍ በአንድ የሥራ ማኅደር አንድ ሰው ብቻ እንደሚሠራ ታስቦ ነበርና ያ አላስቸገረም። በኋላ ግን ለሥርዓቱ ባለሙያዎች እንዲቀላቸው ሲባል ደንቡ ላላ፤ ሁለት ሰዎች በጋራ ማኅደራቸው በአንድ ጊዜ መግባት ቻሉ። አንዱ ማስታወቂያውን፣ ሌላው የፓስወርዱን ፋይል ሲያርሙ ጊዜያዊ ፋይሎቹ ተደበላለቁ። ኮርባቶ ራሱ ይህን ታሪክ የቱሪንግ ሽልማቱን ምክንያት በማድረግ ባቀረበው ንግግር አንስቶታል።

ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲነካ ተራ የሚያስይዝ ያስፈልጋል። ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በ1965 የዚህን ችግር መፍትሔ አሳተመ፤ «ሴማፎር» የምንለው ዘዴም የእሱ ነው። ሲገባ ቁጥሩን ቀንስ፣ ሲወጣ መልሰህ ጨምር። ዜሮ ከሆነ ጠብቅ። ይኸው ነው። ሁሉ ነገር የሚቆመው ግን የገባው ሰው መውጣቱን በመናገሩ ላይ ነው።

ላይሰንስ ሲቆጠር

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሶፍትዌር ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከማሽኑ ጋር ይመጣ ነበር። አይ ቢ ኤም በሰኔ 1969 ሶፍትዌርን ለይቶ ዋጋ እንደሚያወጣለት አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ «ስንት ሰው ይጠቀማል?» የሚለው የሒሳብ ሠራተኛም ጥያቄ ሆነ።

በ1980ዎቹ መሐንዲሶች በኔትወርክ የተያያዙ የየራሳቸው ኮምፒውተር ሲያገኙ፣ ላይሰንስን ከአንድ ማሽን ጋር ማሰር የማይመች ሆነ። በ1988 ግሎብትሮተር እና ሃይላንድ የተባሉ ሁለት ኩባንያዎች ፍሌክስ ኤል ኤምን ይዘው መጡ። አሠራሩ እንደ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ከላይሰንስ ሰርቨሩ አንድ ላይሰንስ ይዋሳል፣ ሲዘጋ ይመልሳል። የላይሰንሱ ፋይል ከሰርቨሩ መለያ ቁጥር ጋር ስለሚታሰር ወደ ሌላ ማሽን ገልብጦ መሄድ አይሠራም። 18 ላይሰንስ፣ 100 መሐንዲስ፦ የኤርላንግ ሒሳብ ወደ ቢሮ ገባ።

የመውጣት ጣጣም አብሮ ገባ። በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ጄኔሬተሩ የሚደርሰው ለሰርቨር ክፍሉ ብቻ ነበር። መብራት ሲሄድ የሠራተኛው ኮምፒውተር ሁሉ ድርግም ይላል፤ ሰርቨሩ ግን ሁሉም እንደተቀመጡ ያምናል። መብራት ተመልሶ ሰዎቹ ሊገቡ ሲሉ «ቦታ የለም» ይባላሉ። ቦታውን የያዙት ራሳቸው ናቸው፤ ጥላቸው ተቀምጦ እነሱ ቆመው ይጠብቃሉ።

ይህ የአንድ ቢሮ ጉድለት ብቻ አይደለም። በ1989 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ፣ ዝም ያለን ግንኙነት «አለህ?» ብሎ ለመጠየቅ ያለው መነሻ ጊዜ ከሁለት ሰዓት እንዳያንስ ይላል። ስለዚህ ሶፍትዌር ሠሪዎች የራሳቸውን ጥያቄ ይጨምራሉ፦ በየደቂቃው «አለህ?» «አለሁ»። መልስ ከጠፋ ላይሰንሱ ይነጠቃል። ግን ዝምታ ሁልጊዜ መሄድ ነው እንዴ? ኔትወርኩ ተንቀራፎ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ሆኖ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ቶሎ ከነጠቅክ ሥራ ላይ ያለውን ትበድላለህ፤ ከዘገየህ ወረፋ የያዘውን።

በዚያው ዓመት፣ በ1989፣ ኬሪ ግሬይ እና ዴቪድ ቸሪተን ጥያቄውን ገለበጡት። የተጋራ ፋይልን ስለማስተዳደር ሲጽፉ ያቀረቡት ሐሳብ ከቤት ኪራይ የተለየ አይደለም፦ ስትሰጥ ጊዜ ቆርጠህ ስጥ። የሚፈልግ ያድስ፤ ካላደሰ በራሱ ያበቃል። መውጣቱን ማንም መናገር አያስፈልገውም። ካፌ ገብታችሁ ዋይፋይ ስትይዙ የሚሰጣችሁ አድራሻም በዚህ መንገድ የተከራየ ነው፤ ሳትሰናበቱ ብትወጡ ጊዜው ሲያልፍ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

በስም የተጻፈ ወንበር

መፍትሔው እያለ ገበያው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሄደው። ኦቶካድን የሚሠራው ኦቶዴስክ በ2020 የጋራ ላይሰንስን ማስቀረት ጀመረ። ደንበኛው ውሉን ሲያድስ 1 የጋራ ላይሰንስ በ2 የስም ላይሰንስ ይለወጥለታል። የስም ላይሰንስ ማለት ለአንድ ለታወቀ ሰው የተጻፈ ወንበር ነው፤ ባለቤቱ ባይቀመጥበትም ሌላው አይቀመጥበትም። «ወጣ ወይ?» የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም፤ ተሰረዘ።

ሁለት ለአንድ ሲባል ደግነት ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ለሚሥል ሰው በእርግጥም አይከፋም። የእኛን 100 መሐንዲሶች ግን አስቡ። 18ቱ የጋራ ላይሰንስ 36 የስም ላይሰንስ ይሆናል። ትናንት 100 ሰው ያገለግል የነበረው ዛሬ የሚያገለግለው 36 ሰው ነው፤ 64ቱ ደጅ ቀሩ። በኋላ በቀን የሚከፈልበት ቶከን መጣ። እሱም የሚቆጥረው 24 ሰዓትን ነው፤ አሥር ደቂቃ ከፍቶ የዘጋም የቀኑን ይከፍላል።

ተጎጂው ግልጽ ነው፦ ተራ በተራ የሚጠቀም። ትንሽ አማካሪ ድርጅት፣ የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ፣ አንድ ሶፍትዌር ለአሥር ሰው ያቃመሰ ቢሮ። የእኛ አገር መሐንዲስ የዚህን ወረፋ ጣዕም ያውቀዋል። ተራ መጠበቅ ድህነት ብቻ ሳይሆን ጥሩ ሒሳብም እንደሆነ ኤርላንግ ከመቶ ዓመት በፊት አስልቶታል።

ስለዚህ ሶፍትዌር የምትሠሩ፣ ተጠቃሚ ስትቆጥሩ የቆይታውን ጊዜ ቆርጣችሁ ስጡ፤ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆንም አስቀድማችሁ ሞክሩት። ለቢሮ የምትገዙ ደግሞ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት የሚቆጠረው የተቀመጠው ሰው ነው ወይስ በወንበሩ ላይ የተጻፈው ስም ብላችሁ ጠይቁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 64 ሰው ነው።