ቁልፉና ቁልፍ ያዡ
የመረጃ ጥበቃ ትምህርት ወደ ኮሌጆች የገባበት ታሪክ

ጽሑፍን ከሌባ፣ ከአጭበርባሪና ከቸልተኛ እጅ የመጠበቅ ሥራ ከጽሕፈት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ማኅተም፣ የምስክሮች ስም፣ የተቆለፈ ሣጥንና የታመነ መዝገብ ቤት ሹም ለዚሁ ሲባል የተገኙ ዘዴዎች ናቸው። እነዚህ ዘዴዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያገለግሉ የኖሩት መዝገቡ በአንድ ስፍራ ስለሚቀመጥና የሚነካውም ሰው በዓይን ስለሚታይ ነበር። ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ግን ሁለቱም ነገሮች ተለወጡ፤ መዝገቡ ከሩቅ የሚነበብ፣ የሚነካውም እጅ የማይታይ ሆነ። ከዚህም የተነሣ መረጃን የመጠበቅ ጥበብ ራሱን የቻለ የኮሌጅ ትምህርት ለመሆን በቃ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ትምህርት የተጓዘበትን መንገድ ባጭሩ ማሳየት ነው። በጉዞው ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ችግር አለ፤ ይኸውም የቁልፉ አሠራር በአንድ ክፍል፣ የቁልፍ ያዡ አስተዳደር ደግሞ በሌላ ክፍል ሲሰጥ መኖሩና ጥፋቱ ዘወትር በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት መግባቱ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1961 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቻቸው አንድን ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲሠሩበት የሚያስችል ሥርዓት ለትዕይንት አቀረቡ። መኪናው የጋራ ሲሆን የእያንዳንዱን ሰው ፋይል ከሌላው መለየት ግድ ስለሆነ ለየተጠቃሚው የይለፍ ቃል ተሰጠ። ይሁን እንጂ በ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ አንድ ቀን ወደ ሥርዓቱ የገባ ሰው ሁሉ በማስታወቂያው ፈንታ የሁሉንም ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ዝርዝር ተጽፎ አገኘው። ምክንያቱ ሲመረመር ሌባ አልተገኘም። ሁለት የሥርዓቱ ኃላፊዎች በአንድ ሰዓት፣ አንዱ ማስታወቂያውን ሌላው የይለፍ ቃሉን ዝርዝር ሲያርሙ፣ የማረሚያው ፕሮግራም ለሁለቱም ጊዜያዊ ፋይል አንድ ዓይነት ስም ስለሰጠ ሁለቱ ተለዋውጠው ነበር። ፕሮግራሙ ሲነደፍ በዚያ የሥራ ስፍራ አንድ ሰው ብቻ ይሠራል ተብሎ ታስቦ ነበርና። ቁልፉ ሳይሰበር በሩ መከፈቱ የሚቻል መሆኑን ይህ ድርጊት ገና በማለዳው አስተማረ።

በ1967 የጸደይ ወራት በአትላንቲክ ሲቲ በተደረገው የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉባኤ፣ የራንድ ኮርፖሬሽን ባልደረባ የነበሩት ዊሊስ ዌር ስለ ኮምፒዩተር ጥበቃና ስለ ግል ምስጢር ጉዳይ በይፋ ውይይት ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ በእሳቸው ሰብሳቢነት የተቋቋመው ኮሚቴ ሰፊ ዘገባውን በ1970 አቀረበ። ዘገባው ችግሩ የመኪናው፣ የፕሮግራሙ፣ የመገናኛ መስመሩ፣ የሠራተኛውና የአስተዳደሩ ሁሉ እንደሆነ የሚያስረዳ ነበር። ነገር ግን በምስጢርነት ስለተመደበ እስከ 1975 ድረስ ለሕዝብ አልወጣም። እንግዲህ ጉዳዩን በስፋት የመረመረው ሰነድ ተቆልፎ ሳለ ኮሌጆች ምን ሊያስተምሩ ይችሉ ነበር? የአሜሪካ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር በ1968 ባወጣው የታወቀ የሥርዓተ ትምህርት መመሪያ ውስጥ ከተዘረዘሩት 22 ኮርሶች መካከል ለጥበቃ ብቻ የተመደበ አንድም አልነበረም።

በዚሁ ዘመን የአስተዳደሩ ትምህርት በሌላ በር እየገባ ነበር። በ1968 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ጎርደን ዴቪስ መሪነት በመረጃ ሥርዓት አስተዳደር የዶክትሬት ትምህርት ተጀመረ። በ1969 ደግሞ በሎስ አንጀለስ በኮምፒዩተር የሚሠራ ሒሳብ የሚመረምሩ ኦዲተሮች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የዚህ ሙያ አስፈላጊነት በገሃድ የታየው በ1973 ነው። በዚያ ዓመት ኤክዊቲ ፈንዲንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከመዘገባቸው ወደ 97,000 ከሚጠጉ የሕይወት መድን ውሎች ውስጥ ወደ 64,000 የሚሆኑት ባለቤት የሌላቸው የፈጠራ ውሎች ሆነው ተገኙ።

የዚህ ማጭበርበር አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል። የውሸቶቹ ውሎች በኮምፒዩተሩ መዝገብ ልዩ ምልክት ተሰጥቷቸው ስለነበር የክፍያ መጠየቂያ አይወጣላቸውም ነበር፤ በድምሩ ግን ይቆጠራሉ። ኦዲተሮቹ ከመኪናው የወጣውን ወረቀት እያዩ መኪና አይዋሽም በማለት አለፉት። ጉዳዩን ወደ ውጭ ያወጣው የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ሳይሆን ከኩባንያው የተሰናበተ አንድ ሠራተኛ ነው። እዚህ ላይ ቁልፉን የሰበረ ሰው የለም፤ አጥፊዎቹ ቁልፍ ያዦቹ ራሳቸው ነበሩ። ስለዚህ የምስጢር ጽሕፈትን ሒሳብ ጠንቅቆ የተማረ ግን አስተዳደርን ያልተማረ ባለሙያ እዚያ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልፈየደ ነበር።

የዌር ዘገባ ከምስጢርነት በወጣበት በ1975 ጀሮም ሶልትዘርና ማይክል ሽሮደር በኮምፒዩተር ውስጥ ስላለ መረጃ ጥበቃ የጻፉት ጥናት ታተመ። ጸሐፊዎቹ ስምንት የንድፍ መርሖዎችን ዘረዘሩ። ከነዚህም አንዱ ለማንም ሰው ሆነ ፕሮግራም ከሥራው የሚበልጥ ሥልጣን እንዳይሰጠው ያዝዛል። ሌላው ለከባድ ጉዳይ አንድ ቁልፍ ብቻ እንዳይበቃ ያስጠነቅቃል። ይህ ሁለተኛው ለእኛ ሀገር ሰው እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ የእድር ገንዘብ ያለ ዳኛው፣ ያለ ጸሐፊውና ያለ ገንዘብ ያዡ ፊርማ ከባንክ እንዳይወጣ የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥናቱ እስከ ዛሬ ድረስ በየኮሌጁ የሚነበበው መኪናዎቹ ቢያረጁም መርሖዎቹ ስላላረጁ ነው።

በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን ሁለት ሰዎች አስቀድመው ሳይገናኙ በግልጽ መስመር ላይ የጋራ ምስጢር የሚፈጥሩበትን ዘዴ አሳተሙ። የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ርስት ሆኖ የኖረው የምስጢር ጽሕፈት ጥበብ በዚህ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ገባ። አገባቡ ግን በሰላም አልነበረም። በ1977 እንዲህ ያለውን ምርምር ማሳተም የጦር መሣሪያ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚከለክለውን ሕግ ሊያስጥስ ይችላል የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በኢታካ በተደረገው ጉባኤ ሄልማን በዩኒቨርሲቲው የሕግ አማካሪ ምክር የተማሪዎቻቸውን ጥናት ራሳቸው ቆመው አነበቡ፤ ተማሪዎቹ ተከሰው ራሳቸውን የሚከላከሉበት አቅም አልነበራቸውምና። ዛሬ ማንኛውም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሚማረው ትምህርት በመምህሩ ድፍረት የተገኘ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ትምህርቱ መጽሐፍና መምህር አገኘ። ዶሮቲ ዴኒንግ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ስለ መረጃ ጥበቃ ኮርስ ያስተምሩ ነበር፤ ከዚያው የማስተማር ሥራ የተወለደው የመማሪያ መጽሐፋቸው በ1982 ታተመ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1979 ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን ከተጠቃሚዎች የሰበሰቧቸውን 3,289 የይለፍ ቃሎች መርምረው 2,831 ያህሉ፣ ማለትም ከመቶው 86 እጅ፣ በቀላሉ የሚገመቱ ሆነው እንዳገኟቸው አሳውቀው ነበር። የሒሳቡ ቁልፍ ምንም ቢጠነክር ሰው በልማዱ ያላላዋል ማለት ነው።

ይህ ትምህርት በሰፊው ሳይሰማ በኅዳር 1988 ታላቁ ድንጋጤ ደረሰ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሆነው ሮበርት ታፓን ሞሪስ ራሱን በራሱ የሚያባዛ ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ተማሪው ከላይ ስለ ይለፍ ቃል የጻፉት የሮበርት ሞሪስ ልጅ ነው። ትል የተባለው ይህ ፕሮግራም ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ የሚገመቱ የይለፍ ቃሎችን መሞከር ነበር፤ አባትየው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያመለከቱት ቀዳዳ ገና ክፍት ነበርና። በአንድ መኪና ላይ ቀድሞ መኖሩን ቢያውቅ እንኳ ከሰባት ጊዜ አንዱን ደግሞ እንዲባዛ ስለታዘዘ ቅጂው በዛና መኪናዎቹን አፈናቸው። በወቅቱ በተደረገው ግምት በመረቡ ላይ ከነበሩት 60,000 ያህል ኮምፒዩተሮች 6,000 የሚሆኑት ተጎዱ። ወጣቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ በ1990 የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበራዊ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት።

ከጥፋቱ በኋላ በዚያው ወር በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የአስቸኳይ ምላሽ ማእከል ተቋቋመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በዚህ ሙያ ታሪክ አዲስ ድርጅትና አዲስ ኮርስ የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ከጉዳት በኋላ ነው። ሆኖም ድርጊቱ ለኮሌጆች አንድ ከባድ ጥያቄ ትቶላቸው አለፈ። ዕውቀቱን ያገኘው ተማሪ ለአጠቃቀሙ የሚገዛበትን ሥነ ምግባር ከማን ይማራል? የኮምፒዩተር መምህሩ ይህ የእኔ ትምህርት አይደለም ቢል፣ የአስተዳደር መምህሩም ፕሮግራሙን አላውቀውም ቢል፣ ተማሪው በሁለቱ መካከል ይቀራል።

መልሱ ቀስ በቀስ መጣ። በ1992 በእንግሊዝ ሀገር የሮያል ሆሎዌይ ኮሌጅ በመረጃ ጥበቃ ብቻ የማስተርስ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ። በ1995 የብሪታንያ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ስለ መረጃ ጥበቃ አስተዳደር አንድ መመሪያ አወጣ፤ ይህም ኋላ የዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ሆነ። ነገር ግን የመምህራን እጥረት ከባድ ነበር። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዩጂን ስፓፎርድ በ1997 ለአሜሪካ ምክር ቤት ባቀረቡት ምስክርነት፣ በአምስት ዓመታት ውስጥ በኮምፒዩተር ሳይንስ ከተሰጡት 5,500 ያህል የዶክትሬት ዲግሪዎች መካከል በጥበቃ ጉዳይ የተሰጡት 16 ብቻ መሆናቸውን አስታወቁ። በ1999 የአሜሪካ መንግሥት በዚህ ትምህርት ለታወቁ ሰባት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያውን የማእከልነት ማዕረግ ሰጠ።

በ2003 የካናዳው የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተዘጋ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቫይረስ የሚጽፉበት ኮርስ እንደሚያስተምር ሲያስታውቅ ብርቱ ክርክር ተነሣ። የጸረ ቫይረስ ድርጅቶች ተቃወሙ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን መርዙን የማያውቅ ሐኪም መድኃኒቱን አያገኝም በሚል አስተሳሰብ ጸና። በመጨረሻ በ2017 ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት በአንድነት ያወጡት የሥርዓተ ትምህርት መመሪያ ትምህርቱን በስምንት ክፍሎች ሲያደራጅ፣ ከመረጃው፣ ከፕሮግራሙ፣ ከመሣሪያው፣ ከግንኙነቱና ከሥርዓቱ ጥበቃ ቀጥሎ ሰውን፣ ድርጅትንና ኅብረተሰብን አካተተ። ዌር በ1970 በምስጢር የጻፉትን ኮሌጆች በይፋ ለመቀበል ግማሽ ምእተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጊዜ ወሰደባቸው ማለት ነው።

በሀገራችንም ጉዳዩ ሕግና ተቋም አግኝቷል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ በ2006 ተቋቋመ፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በ2016 ወጣ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2024 ተከተለው። አዋጅ ግን ራሱን በራሱ አይፈጽምም። የባንኩን መዝገብ፣ የሐኪም ቤቱን ካርድና የነዋሪውን መታወቂያ የሚጠብቀው በየመሥሪያ ቤቱ የሚቀመጠው ተመራቂ ነው።

እንግዲህ ታሪኩ ለመምህሩም ለአሠሪውም የሚያስገነዝበው ቁም ነገር ግልጽ ነው። የይለፍ ቃሎቹ በአደባባይ የታዩት በንድፍ ስሕተት፣ ኤክዊቲ ፈንዲንግ የወደቀው በሹማምንቱ ክፋት፣ ትሉ የተሰራጨው ደግሞ የታወቀ ቀዳዳ ሳይደፈን በመቅረቱ ነው። ሦስቱን በአንድነት ሊመረምር የሚችለው ሒሳቡንም፣ አስተዳደሩንም፣ ሥነ ምግባሩንም ከአንድ ማእድ የተማረ ሰው ብቻ ነው። ኮሌጅ ተማሪውን ቁልፉ እንዴት ይሠራል ብሎ በጠየቀበት ፈተና ላይ፣ ቁልፉ በማን እጅ ነው፣ ያንን ሰውስ የሚቆጣጠረው ማን ነው ብሎ ሊጠይቀው ይገባል። ይህን የማይመልስ ተማሪ በማዕረግ ቢመረቅ እንኳ መዝገቡን ለብቻው አንረከብለትም።