«አለ» የምትለው ቃል

ግእዙ «ወይቤ» ብሎ ይጀምርና ንግግሩን ያስከትላል። አማርኛ ግን ንግግሩን አስቀድሞ «አለ»ን ወደ ኋላ ያቆያታል። በዕለት ወጋችን እንኳ «እመጣለሁ አለ» ስንል በእኛ አንደበት የሚናገረው «እኔ» የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ቀጥተኛ ንግግር ለአማርኛ ተራኪ የትረካ ጌጥ ብቻ አይመስለኝም፤ ቋንቋው ራሱ ወደዚያ ይገፋዋል።

የደጃዝማች ወንድይራድን ነገር እናንሣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት፣ ገና ካሳ ሳሉ፣ ወንድይራድ ከእቴጌ መነን ወገን ሆነው ሲዘምቱባቸው ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብለው ፎከሩ ይባላል። ድል ሆነው በተማረኩ ጊዜ ካሳ ኮሶ አቀረቡላቸው፤ እናቴ ዛሬ ገበያ አልቀናትምና የተረፈውን ይጠጡላት አሉ ይባላል። ታሪክ ነጋሪው «ወንድይራድ ሰደቡ፣ ካሳም ተበቀሉ» ብሎ ቢያልፈው ኖሮ የሚቀርልን ደረቅ ወሬ ነበር። ስድቡ ከነቃሉ ስለ ተቀመጠ ግን የኮሶው ምሬት ለእኛም ይደርሰናል።

ዳሩ ግን ፉከራውን ማን ሰምቶ፣ ማን ቃል በቃል ያዘው? የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ይህን ጥያቄ ራሱ አንሥቷል። ንግግሮቹን እንዳሉ ማስታወስ አስቸጋሪ ስለ ነበር፣ ከተባለው ጠቅላላ ሐሳብ ሳይርቅ ሁኔታው የሚጠይቀውን እንዳናገራቸው ሳይሸሽግ ጽፏል። ዜና መዋዕሎቻችንን ሳነብ ይህ ሰው ትዝ ይለኛል። በጥንቱ ብራና ላይ የጥቅስ ምልክት እንኳ የለም፤ የንጉሡ ቃል የት አልቆ የጸሐፊው የት እንደሚጀምር የምትለየው ያቺው «አለ» ናት።

ልብ ወለድ ደራሲ ከዚህ ዕዳ ነጻ ነው። ነገር ግን እርሱም ቃሉን በማን አፍ እንደሚያኖር መምረጥ አለበት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የባላባቱን ሥርዓት ክፉኛ የሚነቅፈውን ንግግር የሰጡት ለጉዱ ካሳ ነው፤ አገሬው እብድ ለሚለው ሰው። ዘመኑ የዘውድ ዘመን ነበር፤ ደራሲውም የመንግሥት ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበሩ። ያ ሁሉ ነቀፋ በተራኪው ድምፅ ቢነገር ስብከት ይሆን ነበር፤ ምናልባትም ክስ። በጉዱ ካሳ አፍ ሲሆን ግን አገሬው ይስቅበታል፣ ፊታውራሪ መሸሻ ይቆጡበታል፤ አንባቢው ደግሞ ብቻውን ተቀምጦ «እውነቱን እኮ ነው» ይላል።