ሥዕል አልባዎቹ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ዛሬም ለምን ይወደዳሉ?

ሞያሌን ለሁለት ከሚከፍለው ድንበር ግራና ቀኝ ገንዘብ ለመላክ የግድ ዘመናዊ ስልክ አያስፈልግም። በኬንያ በኩል ኤም-ፔሳን፣ በኢትዮጵያ በኩል ቴሌብርን በአጭር ቁጥር የሚጠራ ሰው ጥቂት የጽሑፍ መስመሮች ይመጡለታል፤ ይመርጣል፤ ስልኩም መልሶ ይጠይቀዋል። ሥዕል የለም፣ ድምፅም የለም። ከኮምፒውተር ጨዋታዎች ቀደምት ዘርፎች አንዱ የቆመው በዚሁ ዓይነት ምልልስ ላይ ነው።

"የጽሑፍ ጀብዱ" የሚባሉት ጨዋታዎች ተጫዋቹ የቆመበትን ስፍራ በቃላት ይገልጹለታል። ተጫዋቹ ደግሞ "ወደ ሰሜን ሂድ"፣ "መብራቱን አንሣ" እያለ ትእዛዙን ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም የሆነውን ይተርክለታል። የቀረው ሁሉ በአንባቢው ምናብ ውስጥ የሚፈጸም ነው።

የዘርፉ አባት አሜሪካዊው ዊል ክራውዘር ነው። ክራውዘር የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው አርፓኔት ላይ የሠራ ፕሮግራመር ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜው በኬንታኪ ግዛት የሚገኘውን የማሞዝ ዋሻ ያስስ ነበር። ከባለቤቱ ከተለያየ በኋላ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ሴቶች ልጆቹ እንዲጫወቱበት ያንኑ ዋሻ በቃላት ቀርጾ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው። በ1977 የስታንፎርዱ ዶን ዉድስ አስፋፋው፤ "ኮሎሳል ኬቭ አድቬንቸር" በሚል ስምም ከኮምፒውተር ማዕከል ወደ ኮምፒውተር ማዕከል ተዛመተ።

በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አራት ወጣቶች የራሳቸውን ጨዋታ "ዞርክ" ብለው መጻፍ ጀመሩ። ከእነርሱ መካከል የሚገኙበት ቡድን በ1979 ኢንፎኮም የተሰኘውን ኩባንያ መሠረተ። ገበያው ግን ፊቱን ወደ ሥዕላዊ ጨዋታዎች ሲያዞር ኢንፎኮም በ1986 ለአክቲቪዥን ተሸጠ፤ በ1989ም ተዘጋ።

ዘርፉ ግን ከኩባንያው ጋር አልተቀበረም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ገጣሚ ግራሃም ኔልሰን በ1993 "ኢንፎርም" የተባለውን የጨዋታ መጻፊያ ቋንቋ በነጻ አቀረበ። ከ1995 ጀምሮም አዳዲስ የጽሑፍ ጨዋታዎች የሚወዳደሩበት ዓመታዊ መድረክ አለ። ኅዳር 2025 ደግሞ ማይክሮሶፍት የመጀመሪያዎቹን ሦስት የ"ዞርክ" ክፍሎች ምንጭ ኮድ ማንም እንዲጠቀምበት ፈቅዷል።

ለምን ተወደዱ ለሚለው ጥያቄ አሳማኝ መልስ ከሰጡት አንዱ አሜሪካዊው ተመራማሪ ኒክ ሞንትፎርት ነው። በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህ ጨዋታዎች የሥነ ጽሑፍ ቅድመ አያት እንቆቅልሽ ነው ሲል ይሞግታል። ይህ ክርክር ለሞያሌ ነዋሪ እንግዳ ሊሆን አይችልም። በአማርኛ "እንቆቅልሽ" ሲባል "ምን አውቅልሽ" ይመለሳል፤ መልሱ የጠፋበት ሰው "አገር ስጠኝ" ይባልና ጎንደርን ወይም ሐረርን አስረክቦ ይገላገላል። በስዋሂሊ ደግሞ ጠያቂው "ኪቴንዳዊሊ" ሲል ተጠያቂው "ቴጋ" ይላል፤ ካልመለሰም "ኒፔ ምጂ"፣ ማለትም "ከተማ ስጠኝ" ይባላል። የቦረና ልጆችም የራሳቸው "ሂቦ" አላቸው። በሩቅ የተለያዩት ሁለቱ ቋንቋዎች ለተሸናፊ ተመሳሳይ ቅጣት መምረጣቸው ያስደንቃል። በ"ዞርክ" ውስጥ መብራት ሳይዝ ጨለማ ውስጥ የሚንከራተት ተጫዋች የሚከፍለው ዋጋ ከዚህ ይከብዳል፤ "ግሩ" የተባለ አውሬ ይበላዋል። እንደዚህ ጸሐፊ አስተያየት አገር መስጠቱ ይሻላል።

ሌላው ምክንያት ቅለት ነው። የመጀመሪያው "ዞርክ" የታሪክ ፋይል ከ100 ኪሎባይት ያነሰ ነው፤ በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። የኢንተርኔት ጥቅል በሜጋባይት እየቆጠረ ለሚገዛ ወጣት ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ሁሉም ነገር ጽሑፍ በመሆኑም ዓይነ ስውራን በድምፅ አንባቢ ፕሮግራም ያለ ሌላ ሰው እገዛ ሊጫወቱ ይችላሉ።

በአማርኛ መጻፍ ግን የራሱ ፈተና አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ መጻፉ ችግር አይሆንም፤ ችግሩ መረዳቱ ነው። በእንግሊዝኛ ግሡ ይቀድማል፤ በአማርኛ መጨረሻ ላይ ይመጣል። "ሣጥኑን ክፈት" እና "ሣጥኑን ክፈተው" አንድ ትእዛዝ መሆናቸውን፣ "ሣጥን" እና "ሳጥን"፣ "ዕቃ" እና "እቃ" አንድ ነገር መሆናቸውን ፕሮግራሙ ማወቅ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛው ተጫዋቹን በአንድ ተውላጠ ስም ጠርቶ ያልፋል። የአማርኛው ጸሐፊ ግን "ቆመሃል" ወይስ "ቆመሻል" ብሎ መምረጥ አለበት፤ አለዚያም ጨዋታው አስቀድሞ ተጫዋቹን ይጠይቃል። "ቆመዋል" ቢል ከጾታ ጥያቄ ያመልጣል፤ ዋሻ ውስጥ የሚመራው ተራኪ ግን የባንክ ሠራተኛ መምሰሉ አይቀርም።