ይሰርጋል ወይስ ያሳልፉታል?

«አሚኖ አሲድ በባክቴሪያው ሽፋን በኩል ይሰርጋል» የሚል አገላለጽ ባነበብኩ ቁጥር ቅር ይለኛል። የሚሰርገው ውሃ ነው፤ ማንም ሳይደክምለት አፈር ውስጥ ይገባል። አሚኖ አሲድን ግን የባክቴሪያው ቅባታማ ሽፋን እንዲሁ በቀላሉ አያስገባውም። ሳልሞኔላን እንይ። በውጭኛውና በውስጠኛው ሽፋን መካከል ያለ አንድ ፕሮቲን ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ይይዝና በውስጠኛው ሽፋን ላይ ለተተከሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ያስረክባል። እነሱም የሕዋሱ የጉልበት ምንጭ የሆነውን ኤቲፒ እየፈጁ፣ ውስጥ ቀድሞ የተከማቸ ቢኖርም እንኳ፣ ያስገቡታል። ይህ ሥራ ነው፤ ጉልበት ይበላል።

በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት የሠሩት ዦርዥ ኮኸንና ዣክ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዲህ ያሉትን ፕሮቲኖች «ፐርሚዬዝ» ብለዋቸዋል። ግንዱ «ዘልቆ ማለፍ» የሚል የላቲን ግስ ነው፤ ቅጥያው ከኢንዛይሞች ስም የመጣ ነው። ሆኖም ፐርሚዬዝ የሚያስገባውን አሚኖ አሲድ ወደ ሌላ ነገር አይለውጠውም፤ እንዳለ ያደርሰዋል።

«አጓጓዥ» የሚሉም አሉ። ስህተት አይደለም፤ ግን ማጓጓዝ ረጅም መንገድን ያስባል፣ የሽፋኑ ውፍረት ደግሞ ጥቂት ናኖሜትር ነው። እኔ የምመርጠው «አሳላፊ»ን ነው። ከግዕዙ «ኀለፈ» ወርዶ፣ በ«አለፈ» እና በ«አሳለፈ» በኩል የመጣ የራሳችን ቃል ነው። የድግስ አሳላፊ ለይቶ ያነሳል፣ ደክሞ ያደርሳል፣ ወጡን ግን አይለውጠውም። እንግዲህ «የሂስቲዲን አሳላፊ» እንበል፤ «ሰረገ»ንም ያለ አሳላፊ ሽፋኑን ለሚያልፈው ለኦክስጅን እንተውለት።