የኤልሲኖር ጉድጓድ

ሊትልተን በሚገኘው ጋራዤ ውስጥ የ1973 (እ.ኤ.አ.) ሆንዳ ኤልሲኖር እያደስኩ ነው። ሶይቺሮ ሆንዳ ባለ ሁለት ምት ሞተር አይወዱም ነበር፤ ሞቶክሮስ ግን አስገደዳቸውና ኩባንያቸው ሠራው። በዚያው ዓመት ጋሪ ጆንስ የአሜሪካን የ250 ሲሲ ሻምፒዮና ወሰደበት፤ ሰውዬውም ከፕሬዚዳንትነታቸው ተሰናበቱ።

ሞተሩ እንደ ተገጠመ ካንዴላው በጥላሸት እየተዘጋ አስቸገረኝ። ለካስ ጥፋቱ የከፍታው ኖሯል! እዚህ 1,600 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ከዚህም ከፍ ያለችው አዲስ አበባ ያሳደገችኝ መሐንዲስ ይህን መርሳቴ ያሳፍራል። የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በጠባብ ቀየርኩለት፤ ተነሳ።

የቀረኝ የአሉሚኒየም ታንኩ ነው። ጎኑ ተጎድጉዷል፤ ወዳጆቼ «በስቱኮ ሙላው» ይሉኛል። ማን እንደ ወደቀበት አላውቅም፤ መውደቁን የሚመሰክር ግን ይኸው ጉድጓድ ብቻ ነውና አልነካውም።